የትኛውን ብርሃን ልመልስ?

ሰላም ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራው። ርዕሱ ሰሞኑን ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለኝ ነገር ነው፤ የፊልተር ጉዳይ። ቴሌስኮፕ ላይ ካሜራ ገጥመን ሰማይ ስናነሳ መሀል ላይ የምትገባው ያቺ ትንሽ ክብ መስታወት።

"የቱን ፊልተር ልግዛ?" ጥያቄው ሁሌ በዚህ መልክ ነው የሚመጣው። እኔ ደግሞ መልሼ "ምን ልታነሳ ነው?" እላለሁ። ጠያቂው መልስ የሸሸሁ ይመስለዋል። አልሸሸሁም። ፊልተር ፎቶው ላይ ቅንጣት ብርሃን አይጨምርም። ዘበኛ ነው። ዘበኛ እንግዳ አይጠራም፤ የመጣውን በር ላይ ይመልሳል እንጂ። ስለዚህ ፊልተር ስትመርጡ የምትመርጡት የምታጡትን ብርሃን ነው። ለዚህ ደግሞ የምትፈልጉት ብርሃን የቱ እንደሆነ አስቀድማችሁ ማወቅ አለባችሁ።

ከኔቡላዎቹ፣ ከጠፈር የጋዝና የአቧራ ደመናዎች ልጀምር። የኦሪዮን ኔቡላ፣ ሮዜት፣ ቬይል፤ እነዚህ የሚያበሩ ጋዞች ናቸው። ጋዝ ደግሞ ደስ የሚል ጠባይ አለው። እንደ ኮከብ ቀለሙን ሁሉ አይረጭም፤ በተወሰኑ የሞገድ ርዝመቶች፣ ማለትም በተወሰኑ ቀለሞች ላይ ነው የሚያበራው፤ የምንለካቸውም በናኖሜትር፣ በሜትር ቢሊዮንኛ ነው። ሃይድሮጂን 656.3 ናኖሜትር ላይ ቀይ ይሰጣል፤ ሃይድሮጂን-አልፋ የምንለው ይሄንኑ ነው። ሁለት ኤሌክትሮን ያጣ ኦክስጅን 500.7 ላይ ወደ ሰማያዊ ያደላ አረንጓዴ ያበራል። ሰልፈር ከሃይድሮጂኑ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ 672 አካባቢ፣ ጠቆር ያለው ቀይ ውስጥ ነው። የጠባብ ባንድ ፊልተር ሥራ እንግዲህ እነዚህን ቀጫጭን መስመሮች አሳልፎ የቀረውን መመለስ ነው።

የኦክስጅኗ መስመር ታሪክ አላት፤ ሳልናገር አላልፍም። በ1864 እንግሊዛዊው ዊሊያም ሀጊንስ ዛሬ የድመት ዓይን ኔቡላ የምንለውን ብርሃንን በየቀለሙ በሚዘረጋ መሣሪያ፣ በስፔክትሮስኮፕ አየው። የከዋክብት ክምችት ቢሆን ኖሮ ቀለሙ እንደ ቀስተ ደመና ተዘርግቶ መታየት ነበረበት። ሀጊንስ ያየው ግን ነጠላ ነጠላ ብሩህ መስመሮችን ነው። ጋዝ ነው ማለት ነው! ችግሩ፣ ዋናዋ አረንጓዴ መስመር በምድር ላይ ከሚታወቅ ከየትኛውም ንጥረ ነገር ጋር አልገጥም አለች። ኋላ ላይ "ኔቡሊየም" የሚባል አዲስ ንጥረ ነገር አለ እስከ ማለት ተደረሰ። በ1927 አይራ ቦወን ነገሩን ፈታው። ያው የምናውቀው ኦክስጅን ነው፤ ሁለት ኤሌክትሮን የተነጠቀ፣ ጋዙ እጅግ በሳሳበት ቦታ ካልሆነ በቀር እንዲህ የማያበራ። ላቦራቶሪ ውስጥ ያን ያህል የሳሳ ጋዝ ስላልነበረ ማንም አላያትም። ያቺን ፊልተር በእጄ ስይዝ ሁሌ ይገርመኛል። ስልሳ ምናምን ዓመት ሳይንቲስት ያደናገረች መስመር፣ ዛሬ ለእሷ ብቻ ተብሎ መስታወት ይሠራላታል።

ቀጥሎ የሚመጣው የስፋት ጥያቄ ነው፤ ፊልተሩ በመስመሩ ዙሪያ ምን ያህል የሞገድ ርዝመት ያሳልፋል የሚለው። 12 ናኖሜትር አለ፣ 7 አለ፣ 5 አለ፣ 3 አለ። እየጠበበ ሲሄድ የጀርባው ሰማይ ይጠቁራል፣ ከዋክብቱ ያንሳሉ፣ ዋጋው ደግሞ ኪስ ያራግፋል። አንድ ነገር ልብ በሉ። ከሃይድሮጂኑ መስመር አጠገብ 658.4 ላይ የናይትሮጅን መስመር አለ። የ7 ናኖሜትሩ ፊልተር ሁለቱንም ያስገባል። የ3ቱ ግን ናይትሮጅኑን በር ላይ ያስቀረዋል። "የሃይድሮጂን ፎቶ" ብለን የምንለጥፈው ሁሉ ንጹህ ሃይድሮጂን አይደለም ማለት ነው። እኔ በበኩሌ ከ7ቱ ጋር ተስማምቼ እኖራለሁ። ገንዘብ ካለኝ ጠበብ ያለውን የምገዛው መጀመሪያ ለኦክስጅኑ ነው። የጨረቃ ብርሃን አየር ውስጥ ሲበተን ሰማያዊው ወገን ላይ ይበረታል፤ ጨረቃ ባለችበት ሌሊት ቶሎ የሚበላሸውም የኦክስጅኑ ፎቶ ነው። ሃይድሮጂኑ ብዙም አይሰማው።

ጋላክሲ ለምትወዱ ደግሞ መርዶ አለኝ። አንድሮሜዳ በአብዛኛው የምትታየን በከዋክብቷ ብርሃን ነው፤ ብርሃኗ በሁሉም ቀለም ተዘርግቷል። ጠባብ ፊልተር ብትጋርዱባት ከከተማው መብራት ጋር እሷንም አጠፋችኋት። ሰባቱ ከዋክብት ዙሪያ ያለው ሰማያዊ ጭጋግም እንደዚያው ነው፤ የከዋክብቱን ብርሃን ያንጸባርቃል እንጂ ራሱ አያበራም። ድሮ የመንገድ መብራት ሶዲየም በነበረ ጊዜ ብርሃኑ 589 አካባቢ ስለሚሰበሰብ እሱን ለይቶ መቁረጥ ይቻል ነበር። ኤልኢዲ መጣና ጨዋታው ተበላሸ፤ እሱ በሁሉም ቀለም ነው የሚያበራው። ለጋላክሲ ብላችሁ ውድ ፊልተር ከምትገዙ በብሩ ነዳጅ ሙሉና ከከተማ ውጡ።

አንድ ፊልተር ግን ለጋላክሲም ያስፈልጋል። የብዙ አስትሮ ካሜራዎች ሴንሰር፣ ብርሃኑን የሚቀበለው ቺፕ፣ ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ ያያል። ባለ ሌንስ ቴሌስኮፕ ደግሞ ኢንፍራሬዱን ከሚታየው ብርሃን ጋር አንድ ቦታ ላይ ፎከስ አያደርገውም። ውጤቱ ያበጠ ኮከብ ነው። ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ብቻ የሚያሳልፈው ፊልተር ርካሽ ነው፤ መጀመሪያ እሱን ግዙ።

የቀለም ካሜራ ያላችሁ፣ ሃይድሮጂን-አልፋ ብቻውን ብትገጥሙ ብርሃኑን በወጉ የሚያዩት ቀዮቹ ፒክሰሎች ናቸው፤ ከአራት አንዱ ማለት ነው። ሦስቱ ስራ ፈትተው ያድራሉ። ለእናንተ የሚሻለው ሁለቱን መስመሮች በአንድ ጊዜ የሚያሳልፈው ባለ ሁለት ባንዱ ፊልተር ነው፤ ሃይድሮጂኑ ወደ ቀዩ፣ ኦክስጅኑ ወደ አረንጓዴውና ሰማያዊው ይሄዳል። በአንድ ሌሊት ሁለቱንም ይዛችሁ ትገባላችሁ።

እሺ፣ ወደ መግጠሙ። እውነቴን ነው፣ ከመምረጡ ይልቅ ይሄን ነው የምወደው። ቀን ላይ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ በንጹህ እጅ።

መጀመሪያ መጠን። ብርሃኑ ከቴሌስኮፑ ወጥቶ እየጠበበ ነው ወደ ሴንሰሩ የሚሄደው። ፊልተሩ ከሴንሰሩ በራቀ ቁጥር ሰፋ ማለት አለበት። ሒሳቡ ቀላል ነው። በፊልተሩና በሴንሰሩ መካከል ያለውን ርቀት በቴሌስኮፑ የኤፍ ቁጥር (የፎከስ ርዝመቱ ለአፉ ስፋት ሲካፈል) አካፍሉ፤ በሴንሰሩ ሰያፍ ላይ ደምሩት። ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው የሴንሰር መጠን ሰያፉ 28 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ፊልተሩ 20 ሚሊሜትር ቢርቅና ቴሌስኮፑ ኤፍ 5 ቢሆን፣ 4 ይጨመራል፤ 32። ባለ 1.25 ኢንቹ ፊልተር ውስጡ ከ27 ብዙም አይበልጥም። አይበቃም፤ ጥጎቹ ይጨልማሉ። 36 ሚሊሜትሩ ግን በደንብ ይበቃል።

ሁለተኛ ርቀት። ብዙ ፍላተነርና ሪዲውሰር (የፎቶውን ጥጎች የሚያስተካክሉና ምስሉን የሚያሳንሱ ተጨማሪ ሌንሶች) ሴንሰሩ ከእነሱ 55 ሚሊሜትር ላይ እንዲቀመጥ ነው የሚፈልገው። መሀላቸው ፊልተር ስትጨምሩ መስታወቱ ፎከሱን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ በውፍረቱ ሲሶ ያህል። 3 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው አንድ ሚሊሜትር ጨምሩና 56 አድርጉት። አንድ ሚሊሜትር ምን ያደርጋል እንዳትሉ። ጥግ ላይ ያሉትን ከዋክብት አጉልታችሁ እዩ፤ የተለጠጡ ከሆነ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይሄን ርቀት ነው። ሁሉንም ፊልተር ከአንድ አምራች፣ በአንድ ውፍረት መግዛት የሚመከረውም ለዚህ ነው፤ ቀለም በቀየራችሁ ቁጥር ፎከስ ፍለጋ አትንከራተቱም።

ሦስተኛ ፊቱ። ፊልተሩን አዘንብላችሁ ስታዩት አንዱ ወገን እንደ መስታወት ያንጸባርቃል። አብዛኛውን ጊዜ ያ ወገን ወደ ሰማይ ነው የሚዞረው። ተገልብጦ ሲገባ ደማቅ ኮከብ ዙሪያ የብርሃን ቀለበት ሊያወጣ ይችላል። ፍሬም የሌላቸውን በትንንሽ ብሎን ስታስሩ ደግሞ እንዳይንቀሳቀስ ብቻ ያዝ አድርጉት። ካቻቪቴውን በሁለት ጣት ያዙ፤ ሙሉ መዳፍ ከገባበት መስታወቱ ይጨነቃል።

አቧራ ምንም ብትጠነቀቁ ይገባል። ፎቶው ላይ ዶናት የመሰለ ጥላ ስታዩ ግን ሁሉንም መስታወት መፈታታት የለባችሁም። የዶናቱ ስፋት አቧራው የት እንዳለ ይነግራችኋል። በኤፍ 5፣ ከሴንሰሩ 20 ሚሊሜትር ርቆ ፊልተሩ ላይ ያረፈ አቧራ 4 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ፈዛዛ ጥላ ይጥላል። የካሜራው መስኮት ላይ ያለው ግን ትንሽና ጠቆር ያለ ነው። የቀረውን ፍላት ፍሬም፣ ወጥ ብርሃን ላይ የሚነሳው ማስተካከያ ፎቶ፣ ያስተካክለዋል፤ ለእያንዳንዱ ፊልተር ለብቻው ካነሳችሁ።

በነገራችን ላይ፣ የሰማሁትን ሁሉ ፀሐይ ላይ ልሞክር የሚል ካለ፣ አደራ። የፀሐይ ፊልተር ቴሌስኮፑ አፍ ላይ፣ ከፊት ነው የሚገጠመው። ዛሬ ካወራናቸው አንዳቸውም ለፀሐይ አይሆኑም።

የኔ ካሜራ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ፊልተሮቹን እየዞረ የሚቀያይረው ፊልተር ዊሉ ሰባት ቀዳዳ አለው። ሉሚናንስ (የሚታየውን ብርሃን ሁሉ የሚያሳልፈው)፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሃይድሮጂን፣ ኦክስጅን። ሰልፈር የለኝም። በ1995 ሃብል ያነሳው የንስር ኔቡላ ፎቶ የታየው ሰልፈር በቀይ፣ ሃይድሮጂን በአረንጓዴ፣ ኦክስጅን በሰማያዊ ተደርጎ ነው፤ ያን ወርቃማ ቀለም የሚወድ ሰው ሰልፈር ሳይገዛ አይቀርም። እኔ ቀዩን ሃይድሮጂን በቀይነቱ ነው የምወደው። ሰባተኛው ቀዳዳ ላይ ምንም ብርሃን የማያሳልፍ ጥቁር ክዳን ገጥሜበታለሁ፤ ዳርክ ፍሬም፣ የካሜራውን የራሱን ጉድፍ ለመቀነስ በጨለማ የሚነሳውን ፎቶ፣ ሳነሳ በሌሊት ወጥቼ ቴሌስኮፑን መክደን ቀረልኝ።

በሉ፣ በሚቀጥለው ክፍል ፍላት ፍሬም እንዴት እንደማነሳ አወራችኋለሁ። ቻው።