ከመድረኩ ሥር የነበረው ኮንክሪት

የተከበራችሁ አርክቴክቶች፣ መሐንዲሶችና ሙዚቀኞች፣

አዲስ ቤት ስንገባ ባዶው ሳሎን ድምፃችንን እየመለሰ ያስተጋባል፤ ልጆች ደስ ብሏቸው ይጮኹበታል። ሶፋው ሲገባ፣ ምንጣፉ ሲነጠፍ፣ መጋረጃው ሲሰቀል ያ ድምፅ ይጠፋል። ግድግዳውን ማንም አልነካውም።

የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ዋላስ ሳቢን ከ1895 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህንኑ ነገር ለካ። ከቲያትር አዳራሽ የመቀመጫ ትራሶች ተውሶ፣ ከተማው ጸጥ ሲል ሌሊት የኦርጋን ቧንቧ እየነፋ፣ ድምፁ እስኪጠፋ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ይመዘግብ ነበር። ትራስ በጨመረ ቁጥር ድምፁ ቶሎ ይሞታል። እኛ ግን አዳራሽ ስናድስ መጀመሪያ የምንቀይረው ወንበሩን ነው፤ ስፖንጁም ወፍራም ቢሆን እንመርጣለን።

ወለሉ ደግሞ ከወንበሩ ይብሳል። በ1891 የተከፈተው የኒውዮርኩ የሙዚቃ አዳራሽ ካርኔጊ በ1986 ታደሰ። አምሮ ተከፈተ፤ ሙዚቀኞችና ሐያሲያን ግን ድምፁ እንደ ድሮው አይደለም አሉ። ኃላፊዎቹ ምንም አልተለወጠም ብለው መለሱ። ክርክሩ 9 ዓመት ያህል ቆየ። በ1995 የመድረኩ ወለል ሲነሳ ከሥሩ ኮንክሪት ተገኘ፤ ተነቅሎም ወጣ።

ለምን ኮንክሪት ይጎዳል? ቼሎና ኮንትራባስ በእግራቸው ወለሉን ረግጠው የሚቆሙ ትልልቅ ባለክር መሣሪያዎች ናቸው። ሳንቃው ከሥሩ ባዶ ቦታ ካለው አብሯቸው ይንቀጠቀጣል፤ ተጫዋቹም በጫማው ይሰማዋል። ኮንክሪት ላይ ከተኛ ግን ዝም ይላል። እነዚያ ሙዚቀኞች 9 ዓመት ሙሉ የተናገሩት እውነት ነበር፤ ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ቦስተኖች በ1900 የተከፈተውን የሲምፎኒ አዳራሻቸውን የመድረክ ወለል በ2006 ሲቀይሩ ያንኑ ዓይነት እንጨት ፈልገው፣ ምስማሩን እንደ ጥንቱ በእጅ መትተው አነጠፉት። በማሽን ቢሆን ቶሎ ባለቀ ነበር። እኔ ግን ባለሙያ ማለት እንዲህ ነው እላለሁ።

ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። የእድሳት ውል ከመፈረማችሁ በፊት አዳራሹን ለኩት። ፊኛ አፈንዱና ድምፁ ሲሞት ቅዱት፤ መድረኩ ላይ፣ መሐል ወንበሮች ላይ፣ ከሰገነቱ ሥር። ዘወትር እዚያ የሚጫወቱትን ጠርታችሁ አጫውቱ፤ የሚሉትንም በጽሑፍ ያዙ። ሥራው ሲያልቅ ቁልፉን ከመረከባችሁ በፊት በዚያው ቦታ፣ በዚያው ፊኛ ድገሙት፤ እነዚያኑ ሙዚቀኞችም ጠርታችሁ አጫውቱ።

አመሰግናለሁ።