ቱቦው ሰማያዊ ከሆነ ሰማያዊ ብላችሁ ጻፉ

እህት፦ ጤና ይስጥልን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ብዙዎቻችሁ ስትጠይቁን የቆያችሁትን ነገር ይዘን ነው የመጣነው። የባዮ ላብን ነገር፣ ማለትም የባዮሎጂ ቤተ ሙከራ ትምህርቱን። አሌክሳንድሪያ ኖቫ፣ ማለት ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተመዝገቡ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ፣ ነርሲንግ ለመግባት ያሰበ ሰው በዚህ ክፍል ማለፉ አይቀርም። እኔ አልፌበት ዛሬ ሆስፒታል እሠራለሁ። ወንድሜ ደግሞ ይህንኑ ላብ ያስተምራል። እና ጋሼ፣ ሰው ሲላበሱን፣ የኮርሱን መመሪያ ወረቀት፣ ሲያይ ለምንድን ነው የሚደነግጠው?

ወንድም፦ ሕጉ ስለሚበዛበት ነዋ። አትቅር፣ አታርፍድ፣ አትብላ፣ ስልክ አታውጣ፣ ክፍት ጫማ አታድርግ። ሲነበብ ወታደር ቤት ነው የሚመስለው። ግን እያንዳንዱ ሕግ ምክንያት አለው። ሲላበሱ ደግሞ ሕጉን እንጂ ምክንያቱን አይነግርሽም። ዛሬ እሱን ብናወራ ደስ ይለኛል።

እህት፦ በሉ ከመቅረት እንጀምር። ሥራ ያለው ሰው ሁሉ የሚሰናከለው እዚያ ላይ ነው።

ወንድም፦ መጀመሪያ ሒሳቡ ይግባን። ባዮ 101፣ የመጀመሪያው የባዮሎጂ ኮርስ፣ አራት ክሬዲት ነው። ሌክቸሩ ሦስት፣ ላቡ አንድ። ሰው "አንድ ክሬዲት ምን አላት" ይልና ያቃልላታል። ያቺ አንድ ክሬዲት ግን በየሳምንቱ ሦስት ሰዓት ያህል ቆመሽ የምትሠሪባት ናት። ሴሚስተሩ ሲያልቅ የሠራሽው ላብ ቢበዛ አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት ቢሆን ነው። ስለዚህ አንድ መቅረት ትልቅ ቁራጭ ይወስዳል። በብዙ ኮሌጆች ሁለት ወይም ሦስት ላብ የቀረ ሰው ሌክቸሩን ኤ ቢያመጣም ኮርሱን ይወድቃል።

እህት፦ ሜክአፕስ፣ ያመለጠንን ላብ በኋላ መሥራት፣ ለምን አይሰጥም? እኔ ተማሪ ሳለሁ ጭካኔ ነበር የሚመስለኝ።

ወንድም፦ የኢንዛይሙን ላብ ውሰጂ። ጠዋት ክፍሉ ከመከፈቱ በፊት ቴክኒሻኗ ድንች ትፈጫለች፣ ጭማቂውን ታጠልና በረዶ ላይ ታስቀምጠዋለች። ውስጡ ካታሌዝ የሚባል ኢንዛይም፣ ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን አለ። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ላይ ሲጨመር አረፋ ያስነሳል፣ እናንተም የምትለኩት ያንን አረፋ ነው። ጭማቂው እየቆየ ሲሄድ ኃይሉ ይቀንሳል። በሚቀጥለው ሳምንት መጥተሽ "ያለፈውን ልሥራው" ስትዪኝ ጭማቂው ተደፍቷል፣ ጠረጴዛው ላይ የሌላ ላብ ዕቃ ተደርድሯል፣ ክፍሉንም ከኛ ሰዓት በኋላ ሌላ ሴክሽን፣ የሌላ ሰዓት የተማሪ ቡድን፣ ይዞታል። እኔ ልጨክንብሽ ፈልጌ አይደለም፣ የምትሠሪው ነገር የለም። አንድ መንገድ አለ። በዚያው ሳምንት ሌላ ሴክሽን ውስጥ ቦታ ካለ ገብተሽ መሥራት። እሱም ከመቅረትሽ በፊት ኢሜይል ካደረግሽ ነው።

እህት፦ ይሄን አስምሩበት። በፊት። እኔ ማታ ሆም ኬር እየሠራሁ ጠዋት ላብ እገባ ነበር። የምትተካኝ ሴት ስትዘገይ እኔም እዘገያለሁ። አሥር ደቂቃ ምንም አይደለም ብዬ ነበር የማስበው። ግን ስደርስ ኩዊዙ ተሰብስቧል፣ የቱ ኬሚካል ቆዳ እንደሚያቃጥል፣ ምን የት እንደሚደፋ ተነግሮ አልቋል። እና ጓደኛዬን እያየሁ የምታደርገውን አደርጋለሁ። እሷ ከተሳሳተች እኔም ተሳሳትኩ ማለት ነው። በኋላ ሲላበሱን አትሜ ለአሠሪዬ ወሰድኩላት። "ይኸው፣ ሁለት ከቀረሁ እወድቃለሁ" አልኳት። ሺፍቴን ቀየረችልኝ። ለሁለት ወር ስጨነቅበት የነበረው ነገር በአንድ ወረቀት አለቀ።

ወንድም፦ ስለ ጫማውም ንገሪያቸው።

እህት፦ አዎ፣ እሱም አለ። መስከረም ሞቃት ነው፣ ክፍት ጫማ አድርጌ ሄድኩ። ከበሩ ነው የተመለስኩት። ቤት ደርሼ ስመለስ ላቡ ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። ያን ቀን መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ አንድ አሮጌ ስኒከርና አንድ ረጅም ሱሪ ከመኪናዬ ኋላ ጠፍቶ አያውቅም።

ወንድም፦ እኔም በር ላይ ሰው መመለስ ያመኛል። ግን ሁሉም ቆሞ ነው የሚሠራው፣ ጠርሙስ ሲወድቅ መሬት ነው የሚወድቀው፣ ስባሪውም አሲዱም የሚያርፈው እግር ላይ ነው። ሻሽ ወይም ሂጃብ የምታደርጉ አትጨነቁ፣ ጫፉን ጋዋኑ ውስጥ አስገቡት፣ በቃ። እሳት ወይም ሆት ፕሌት አጠገብ የተንጠለጠለ ጨርቅ ነው የሚያስፈራን። የዓይን መከላከያ መነጽሩንም ጉም ያዘብኝ ብላችሁ ግንባራችሁ ላይ አትስቀሉት። ዓይን ውስጥ የሆነ ነገር ከገባ ማጠቢያው ጋ ለ15 ደቂቃ ውሃ ሥር መቆም ነው። 15 ደቂቃ ዓይንን ገልጦ መቆም እንዴት እንደሚረዝም ያየ ሰው መነጽሩን አያወልቅም።

እህት፦ የምግቡስ? ማስቲካ እንኳ አይቻልም።

ወንድም፦ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በፈረንጆቹ 2010 እና 2011 አሜሪካ ውስጥ አንድ ዓይነት ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ በየቦታው ሰው ማሳመም ጀመረ። ሲዲሲ፣ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲያጠና ነገሩ ከማይክሮባዮሎጂ ላቦች ጋር ተያያዘ፣ የኮሌጅ መማሪያ ላቦችም አሉበት። በ38 ስቴቶች 109 ሰው ታመመ፣ አንድ ሰው ሞተ። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። ከታመሙት ውስጥ ላብ ገብተው የማያውቁ ትንንሽ ልጆች ነበሩ። ወላጅ ወይም ሌላ የቤተሰብ አባል ነው ላብ የሚገባው። ባክቴሪያው በእጅ፣ በእስክሪብቶ፣ በስልክ፣ በደብተር ቤት ይገባል።

እህት፦ ወይ ጉድ። እኔ ያኔ ልጄ ሁለት ዓመቷ ነበር። ስልኬን አፏ ውስጥ ትከተው ነበር።

ወንድም፦ ያ ማይክሮባዮሎጂ ነው፣ ባዮ 101 ላይ የምንሠራው አብዛኛው ነገር እንደዚያ አደገኛ አይደለም። ግን ልማዱ የሚጀመረው እዚህ ነው። ስለዚህ ለላብ ብቻ የሚሆን እስክሪብቶ ይኑራችሁ፣ ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ። ስትወጡ ጓንት አውልቃችሁ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ጓንት አድርጎ የበር እጀታ የሚይዝ ሰው ሳይ አሁንም ደሜ ይፈላል፤ ከሱ በኋላ እጀታውን በባዶ እጁ የሚይዝ ሰው አለ።

እህት፦ እስቲ ደግሞ ደስ የሚለውን እናውራ። ማይክሮስኮፕ!

ወንድም፦ እሱ የኔ ቀን ነው። በሁለት እጅ ነው የሚያዘው፣ አንዱ ክንዱን ሌላው ከሥር። መጀመሪያ ሁልጊዜ ትንሹ ሌንስ፣ 4 የሚለው። ዓይን የሚጠጋበት ሌንስ 10 ስለሆነ 40 ጊዜ አጎላ ማለት ነው። ትልቁን የማስተካከያ እጀታ በትንሹ ሌንስ ብቻ ነው የምታዞሩት። በረጅሙ ሌንስ ካዞራችሁት ሌንሱ ወርዶ ናሙናው ያለበትን መስታወት ይሰብረዋል። እዚህ አገር መጀመሪያ የሚሰጡት "ኢ" የምትል የእንግሊዝኛ ፊደል የተለጠፈበት መስታወት ነው፣ ተገልብጣ ትታያለች። እኔ ለሐበሻ ተማሪዎቼ ትንሽ ወረቀት ላይ "ሀ" እጽፍላቸዋለሁ። ሲያዩዋት "በ" መስላ ቁጭ ትላለች። ወረቀቱን ወደ ቀኝ ስትገፊው በሌንሱ ውስጥ ወደ ግራ ይሄዳል። አንዴ ያንን ያየ ሰው ፈልጎ ማግኘት አይቸግረውም።

እህት፦ እኔ የሽንኩርቱ ቀን ነው የማልረሳው። ስስ ልጣጩን አንስተሽ አንድ ጠብታ አዮዲን ታደርጊበታለሽ። ስንት ዓመት ሽንኩርት ከትፌ እንደ ጡብ የተደረደረ ግድግዳ እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ወንድም፦ አሁን ወደ ዋናው ልግባ፣ ዛሬ ይሄን አድርሼ ካልሄድኩ አልተኛም። ደብተሩ። በእስክሪብቶ ነው የሚጻፈው። ስትሳሳቱ አንድ መስመር ታሰምሩበትና አጠገቡ ትክክለኛውን ትጽፋላችሁ። ማጥፊያ ፍሉይድ የለም፣ ገጽ መቅደድ የለም። ስህተቱም መነበብ አለበት። ለምን መሰለሽ፣ ደብተሩ የሆነውን ነው የሚመዘግበው።

እህት፦ የኔን ላውራው። ይሄን ለማንም አውርቼ አላውቅም። የቤኔዲክት ፈሳሽ የሚባል አለ፣ ሰማያዊ ነው፣ ግሉኮስ ያለበት ነገር ላይ ጨምረሽ የፈላ ውሃ ውስጥ ስታቆዪው አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ፣ እያለ የጡብ ቀለም ይይዛል። አራት ቱቦ ነበረን። ውሃ፣ ግሉኮስ፣ የገበታ ስኳር፣ ስታርች። አምስት ደቂቃ ቆይተን ስናወጣ የግሉኮሱም ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። ጓደኛዬ "ቀይ መሆን ነበረበት፣ ቀይ በይው" አለችኝ። መጽሐፉም ቀይ ነው የሚለው። ደብተሬ ላይ ቀይ ብዬ ጻፍኩ። መምህሯ ግን ስትዞር ቱቦዎቻችንን አይታቸው ኖሯል። ዜሮ ሰጠችኝ፣ አጠገቡ "ይህን አላየሽም" ብላ ጽፋበት።

ወንድም፦ ውሃው አልፈላም ነበር አይደል?

እህት፦ አልፈላም ነበር! ሆት ፕሌቱን ዘግይተን ነው የከፈትነው። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነበር ያስቀመጥናቸው።

ወንድም፦ አየሽ፣ "ሰማያዊ ሆነ፣ ምናልባት ውሃው ስላልፈላ ይሆናል" ብትዪ እኔ ሙሉ ማርክ ነበር የምሰጥሽ። ከዚያም አልፎ የማትረሺው ትምህርት ይሆንሽ ነበር። ውጤት ተበላሸ ብሎ ማርክ የሚቀንስ አስተማሪ እምብዛም የለም። የሚቀነሰው ያላዩትን ሲጽፉ ነው። የገበታ ስኳሩ እንኳ በትክክል ቢሠራም ሰማያዊ ነው የሚቀረው። ስኳር ስለሆነ ቀይ ይሆናል ብለው ሳያዩ የሚጽፉ በየሴሚስተሩ አሉ።

እህት፦ ዛሬ ዋርድ ውስጥ የደም ግፊት ለክቼ ቁጥሩ የማይመስል ሲሆን እንደገና እለካለሁ፣ ያገኘሁትን እጽፋለሁ። ያቺ ዜሮ ከእጄ አልወጣችም።

ወንድም፦ ሌላው የኛን ልጆች የሚጎዳው ሪፖርት መጋራት ነው። እኛ አብረን በልተን ነው ያደግነው። ጓደኛሽ "ላኪልኝ፣ ልየው" ስትል እምቢ ማለት ነውር ይመስላል። ሕጉ ግን እንዲህ ነው፦ ቁጥሩን አብራችሁ ስለለካችሁ ሠንጠረዡ አንድ ዓይነት ይሆናል፣ ሐተታው ግን የየራሳችሁ ነው። አንድ አንቀጽ ሲመሳሰል ሰጪውም ተቀባዩም ነው የሚጠየቀው። ማገዝ ከፈለግሽ አጠገቧ ቁጭ ብለሽ አስረጃት፣ ፋይሉን ግን አትላኪ። ቻትጂፒቲም ያው ነው። የናንተን ቱቦ አላየም።

እህት፦ ሁለት ጥያቄ ልጨምር፣ በቫይበር ደጋግመው የላኩልን ናቸው። አንደኛው አሳማ።

ወንድም፦ በአንዳንድ ኮርሶች ያልተወለደ የአሳማ ግልገል ይከፈታል። ከቄራ የሚመጣ ነው። ኦርቶዶክስም ሙስሊምም የሆኑ ተማሪዎች ይከብዳቸዋል፣ እረዳቸዋለሁ። የሚያሳዝነኝ ዝም ብለው በዚያ ቀን የሚቀሩት ናቸው። በመጀመሪያው ሳምንት መጥታችሁ "ይሄን መንካት አልችልም፣ ሌላ መንገድ አለ ወይ?" በሉ። ሞዴል ሊሆን ይችላል፣ ሌላ እንስሳ፣ ወይም ጓደኛሽ እየከፈተች አንቺ መመዝገብ። ሁሉም ኮሌጅ አንድ ዓይነት አማራጭ የለውም፣ ስለዚህ ቀድሞ መጠየቅ ነው። ነፍሰ ጡር የሆናችሁም እንዲሁ፣ አንዳንድ ኬሚካል አጠገብ ባትቆሙ ይሻላል፣ ተናገሩ።

እህት፦ ሁለተኛው በዓል። የገና በዓል ሴሚስተሩ ሳይጀመር ስለሚያልፍ ችግር የለውም። ስቅለት ነው ችግሩ፣ ሁልጊዜ ዓርብ ነው፣ ፋይናሉ ሊደርስ ሲል።

ወንድም፦ ለሃይማኖት በዓል መቅረት ብዙ ኮሌጆች ይፈቅዳሉ፣ ግን በጽሑፍ፣ ቀድሞ። ኢድ ለምታከብሩ ደግሞ ቀኑ በጨረቃ ስለሚወሰን ሊውልባቸው የሚችሉትን ሁለቱንም ቀኖች ጻፉ። እኔ በሴሚስተሩ መጀመሪያ የደረሰኝን ኢሜይል ሁሉ አስተናግጃለሁ። በዋዜማው ማታ ለሚደርሰኝ ግን ሴክሽኖቹ ሁሉ ሞልተው ይገኛሉ።

እህት፦ በፈረንጆቹ 2027 ስቅለት ኤፕሪል 30 ነው። የዓርብ ላብ ልትመዘገቡ ያሰባችሁ፣ ካላንደራችሁን አሁን አውጡና ምልክት አድርጉበት።