ፈረሱላ፣ 641 እና የማትጠፋው 2 ኪሎ

[ምስል፦ ጅማ መርካቶ። የቡና መጋዘን። ሚዛን ላይ ጀንፈል የሞላ ጆንያ።]

ጅማ ላይ የቡና ዋጋ ስትጠይቁ መልሱ በፈረሱላ ሊመጣ ይችላል። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ልጅ ሆኜ አጎቴን «ጋሼ፣ ለምን 20 አልሆነም? ለሂሳብ ይቀል ነበር» አልኳቸው። «ሂሳቡን ለኔ ተወው፤ አንተ የጆንያውን አፍ ያዝ» አሉኝ።

17 ብቸኛ ቁጥር ነው። ከ1 እና ከራሱ በቀር እኩል የሚያካፍለው የለም። ዘመዶችም አሉት።

[በስክሪኑ ላይ፦ 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537]

2ን በራሱ እያባዛችሁ 2¹፣ 2²፣ 2⁴፣ 2⁸፣ 2¹⁶ ላይ ስትደርሱ 1 ጨምሩ። እነዚህ ይወጣሉ። አምስቱም ብቸኛ ናቸው። ፈረንሳዊው ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1640 የሚከተሉትም ሁሉ እንዲሁ ናቸው ብሎ ገመተ። ሙያው ሕግ ነበር፤ ሂሳብ የትርፍ ጊዜ ፍቅሩ ነው። ቀጣዩ ይኸው፦

[በስክሪኑ ላይ፦ 2³² + 1 = 4,294,967,297]

ይህን ያህል ኪሎ ቡና አለን እንበል (ጅማ ብትሆንም ይበዛባታል)። በፈረሱላ እንስፈረው። መጀመሪያ በትንሹ፦ 257 ኪሎ 15 ፈረሱላ ሆኖ 2 ኪሎ ይተርፋል። 65,537 ኪሎስ? 3,855 ፈረሱላ፣ ትርፉ አሁንም 2 ኪሎ። ትልቁስ? 252,645,135 ፈረሱላ፣ ከዚያ... 2 ኪሎ!

አጋጣሚ አይደለም። በዚህ ቤተሰብ እያንዳንዱ ቁጥር ከሱ በፊት የመጡት ሁሉ ተባዝተው 2 ሲጨመር ነው። 3 × 5 × 17 = 255፣ 2 ሲጨመር 257። ስለዚህ ታላላቆቹ ታናሹን በፍጹም እኩል አያካፍሉትም።

ታዲያ ሌላ ማን ያካፍለዋል? በጭፍን ከሄድን እስከ 65,536 ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ነው። 6,542 ናቸው። በእጅ? ይቅርብኝ።

የሂሳብ ሊቁ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1732 መልሱን ሰጠ፦ 641። ዘዴውን ያብራራው ግን በኋላ ነው። ይህን ቁጥር የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ካለ፣ 64 በሆነ ቁጥር ተባዝቶ 1 ሲጨመርበት የሚገኝ መሆን አለበት። እንዲህ ያሉት 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 እያሉ ይሄዳሉ። 257 ከቤተሰቡ ስለሆነ ይዘለል። አራተኛው ሙከራ ላይ ተያዘ!

[በስክሪኑ ላይ፦ 641 × 6,700,417]

ለምን 641? ይህን ክፍል በጣም ነው የምወደው። በነጋዴ አፍ፣ በትርፍና በጉድለት ልንገራችሁ።

641 ማለት 5 × 2⁷ ሲደመር 1 ነው። ስለዚህ 5 × 2⁷ ከ641 በ1 ይጎድላል። ጉድለት በጉድለት ሲባዛ ትርፍ ይሆናል፤ አራት ጊዜ አባዙት፣ 5⁴ × 2²⁸ በ641 ሲሰፈር 1 ይተርፈዋል። ያዙት።

641 ደግሞ 5⁴ ሲደመር 2⁴ ነው፤ 625 እና 16። ስለዚህ በ5⁴ ፈንታ 641 ሲቀነስ 2⁴ ብላችሁ ተኩ። በ2²⁸ ሲባዛ አንደኛው ክፍል የ641 ሙሉ ስፍር ነው፤ አይቆጠርም። የሚቀረው ሲቀነስ 2³² ነው። እሱ 1 ከተረፈው፣ 2³² ራሱ 1 ይጎድለዋል ማለት ነው። 1 ጨምሩለት። ሞላ! ቢሊዮኖቹን አንድም ቀን መጻፍ አላስፈለገንም።

[ምስል፦ መጋዘኑ። ጆንያው እየተሰፋ ነው።]

ከ65,537 ወዲህ በዚህ ቤተሰብ ሌላ ብቸኛ ቁጥር እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝና «ያ ሌላውስ፣ ስድስት ሚሊዮኑ፣ አይካፈልም?» አሉኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ያው የ64 ሕግ ይገዛዋል፤ ትንንሾቹን ቀድመን ስለጣልን ከ641 ጀምሮ 7 ቁጥሮችን መሞከር ይበቃል፦ 641፣ 769፣ 1,153፣ 1,217፣ 1,409፣ 1,601፣ 2,113። እዚያው ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ በሂሳብ ደብተራቸው ጀርባ ሞከርኩ። አንዱም አላካፈለውም።