ስግደት ልክ አለው፤ ጡንቻም ልክ አለው

[ምስል፦ የስቅለት ዕለት፣ በምእመናን የተሞላ ቅጥር ግቢ]

ዓመቱን ሙሉ ስግደት ያልሞከረ ሰው በስቅለት ቀን በመቶ የሚቆጠር ይሰግዳል። የፋሲካ ጠዋት ዶሮ ወጡ ቀርቦ፣ እሱ ግድግዳ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ብዙዎች «የድካሜ ዋጋ ነው» ይላሉ። ድካም መሆኑስ እውነት ነው፤ ግን አብዛኛው ያለ ዝግጅት ከመግባት የመጣ ነው።

[ሥዕላዊ ማሳያ፦ የጭን ጡንቻ ሲወርዱና ሲነሡ]

ሕመሙን በዋናነት የሚያመጣው መነሣቱ ሳይሆን መውረዱ ነው። ስንወርድ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ የሰውነትን ክብደት ይሸከማል። ያልለመደ ከሆነ በጥቃቅኑ ይጎዳል፤ ሕመሙም ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል። ዓርብ ተሰግዶ እሑድ የሚብሰው ለዚህ ነው። ደግነቱ፣ ቀለል ያለ ልምምድ አንዴ እንኳ ያገኘ ጡንቻ ለቀጣዮቹ ሳምንታት ጉዳቱን ይቋቋማል።

ስለዚህ የሁዳዴ 55 ቀን ለሰውነትም የተመቸ ነው። ጤነኛ ሰው በመጀመሪያው፣ በዘወረደ ሳምንት በቀን 10 ቢጀምርና በየሳምንቱ 5 ቢጨምር፣ በስድስተኛው፣ በገብር ኄር 35 ይደርሳል፤ በሰባተኛው፣ በኒቆዲሞስ ደግሞ በ40ው ላይ አንድ ጨምሮ 41 ይሞላል። አንዱን ስግደት በ6 ሰከንድ ብናሰላው፣ 41ዱ ከ4 ደቂቃ ብዙም አያልፍም። እሑድ አይሰገድም፤ ጡንቻም የሚጠነክረው ባረፈበት ቀን ነውና ማንኛውም አሰልጣኝ ቢሆን ይህን ዕረፍት አይነካውም።

[ምስል፦ አንድ ስግደት ከጎን፣ በዝግታ]

አወራረዱን እንይ። ካማተቡ በኋላ ጉልበት እያጠፉ እጅን ወደ መሬት መላክ፤ ክብደቱን መጀመሪያ መዳፍ ይቀበለው፣ ከዚያ ጉልበት፣ በመጨረሻ ግንባር። ጉልበትን አስቀድሞ ዱብ ማድረግ፣ በተለይ በድንጋይ ንጣፍ ላይ፣ የጉልበት ሎሚን ያቆስላል። እግርን ቀጥ አድርጎ ከወገብ ብቻ መታጠፍ ደግሞ ለወገብ ሕመም ይዳርጋል። ስትነሡ አንድ እግር አስቀድሙ፤ ረጅም ቀሚስ የለበሰች እህት ጫፉን ቀድማ ሰብሰብ ካላደረገች ረግጣው ትወድቃለች። ቆማችሁ አንዴ ተንፍሱ። ጭንቅላት ከልብ በታች ወርዶ በፍጥነት ሲነሣ ደም ወደ እግር ይሸሻል፤ ውኃ ባልጠጣ ሰው ላይ ያዞራል። በተለይ አክፍሎት የያዘ፣ ማለትም እስከ ትንሣኤ እህል ውኃ ሳይቀምስ የሚቆይ ሰው ይህን ያስብበት።

ሽንት እንደ ሻይ ከጠቆረና ጡንቻው ካበጠ ግን ተራ ሕመም አይደለም። የተጎዳው ጡንቻ ወደ ደም የሚለቀው ነገር ኩላሊትን ሊያውክ ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ነው። ስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የጉልበት ችግር ያለበት፣ ነፍሰ ጡርም፣ ከሐኪምና ከንስሐ አባት ጋር ቀድሞ ይነጋገር። ግንባር መሬት ካልነካ አይሆንም የሚል ሥርዓት የለም፤ ጉልበትን ማጠፍ አስተብርኮ፣ ራስን ዝቅ ማድረግ አድንኖ ይባላሉ፤ ሁለቱም የታወቁ ናቸው።

[ምስል፦ ካህን ምእመናንን በወይራ ቅጠል መታ መታ (ጥብጣብ) ሲያደርጉ]

ልኩን የሚሰጥ ሌላ ሰው መሆኑ፣ በስግደት ካህኑ፣ በጂም አሰልጣኙ፣ ስግደትንና ስፖርትን ያገናኛል። ትጉው ከአቅሙ በላይ ይወስዳል፣ ሰነፉ ከአቅሙ በታች፤ ሁለቱም ራሳቸውን መመዘን ይሳናቸዋል። ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ የሩጫ ተወዳዳሪን ምሳሌ ያደረገው፣ አክሊል ፈላጊ በነገር ሁሉ ራሱን ይገዛል ብሎ ነው። ለጢሞቴዎስ ግን ሰውነትን ማስለመድ ጥቅሙ ጥቂት መሆኑን ጻፈለት። የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው፦ ጂም ውስጥ ቁጥር ይመዘገባል፣ ይነገራል፤ የስግደት ቁጥር ሲወራ ግን ውዳሴ ከንቱ ይሆናል። «ስንት ሰገድክ?» ባይባባሉ ይሻላል።

ከትንሣኤ በኋላ በበዓለ ሃምሳ ስግደት የለም። በእነዚያ ሳምንታት የጡንቻው ልምድ ይላላል፤ በእግር መሄድና ደረጃ መውጣት በከፊል ያቆየዋል። የሐዋርያት ጾም በዓለ ሃምሳ ባለቀ ማግስት ሰኞ ሲገባ ታዲያ 41 ላይ አትግቡ፤ ከ20 ጀምሩ።