እግሩ ይትረፍ ወይስ ይቆረጥ?

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፤ የማወራው እኔው ብቻዬን ነኝ። «እግርህን ማትረፍ እየተቻለ ለምን አስቆረጥከው?» የሚል ጥያቄ ይደርሰኛል። በደግነት ነው የምትጠይቁኝ፣ አውቃለሁ። ግን ጥያቄው ያተረፈውን አሸናፊ፣ ያስቆረጠውን ተሸናፊ ያደርጋል። እኔ በዚህ አልስማማም።

አንዳንዴ ምርጫ የሚባል ነገር የለም። ክፉኛ የተጎዳ እግር ደም ካጣ 6 ሰዓት ገደማ ካለፈ ጡንቻው ይሞታል፤ ነፍስን ለማዳን ይቆረጣል፣ አለቀ። ከባዱ ሁለቱም የሚቻልበት ጊዜ ነው። ሐኪሞች ለዚህ የነጥብ መለኪያ አላቸው። የአጥንቱና የሥጋው ጉዳት፣ የደም ዝውውሩ፣ የደም ግፊቱና ዕድሜ ይደመራሉ፤ 7 እና ከዚያ በላይ ከመጣ ወደ መቁረጥ ያዘነብላል። ኋላ ላይ ሲፈተሽ ግን ነጥቡ ብቻውን የሚታመን አልሆነም።

እኔን ያስደነቀኝ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ነው። በ8 ትልልቅ የአደጋ ሕክምና ማዕከላት እግራቸው ክፉኛ የተጎዳ 569 ሰዎችን ተከታተሉ። ከ2 ዓመት በኋላ በተቆረጠላቸውና በተረፈላቸው መካከል በአጠቃላይ ኑሮ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ከሁለቱም ወገን ወደ ሥራ የተመለሰው ግማሽ ያህሉ ነው። እግራቸው የተረፈላቸው ግን ደጋግመው ሆስፒታል ገብተዋል። ኑሯቸውን የለየው ሌላ ነገር ሆነ፦ ገንዘብ፣ ትምህርት፣ ሲጋራ ማጨስ፣ አጠገብ የሚቆም ሰው፣ «እችላለሁ» ማለት።

እኔም መጀመሪያ ማትረፉን ነበር የመረጥኩት። እግሬ ላይ ከውጭ ብረት ታሰረ፣ ከሌላ ቦታ ሥጋ ተወስዶ ተለጠፈ፣ አጥንቱ ግን አመረቀዘ። ይጸዳል፣ ተመልሶ ያመረቅዛል። አንድ ቀን ሐኪሙን «ሁሉም ነገር ቢሳካ ይህ እግር ምን ይሠራልኛል?» አልኩት። «ቁርጭምጭሚትህ አይታጠፍም፤ ሕመሙም አብሮህ ሊኖር ይችላል» አለኝ። በግልጽ ስለነገረኝ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ጉልበቴ መትረፉ ትልቅ ነገር ነው፤ ከጉልበት በላይ የተቆረጠ ሰው ለመራመድ የሚያወጣው አቅም በጣም ይበልጣል።

ግልግል ነው ብዬ ግን አልዋሻችሁም። የሌለው አውራ ጣቴ አሁንም ያሳክከኛል፤ ልከክ ብል ምኑን ልከከው? ሰው ሠራሹ እግር ቆዳ ይልጣል፣ ትንሽ ስወፍር ወይ ስከሳ አልገጥም ይላል፣ ሲያረጅም ይቀየራል፤ ወጪው ዕድሜ ልክ ነው። ኢንተርኔት ላይ በሰው ሠራሽ እግር የሚሮጡትን ብቻ አይታችሁ አትወስኑ።

ጊዜ ካላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ሁለቱንም ዓይነት ሰው ፈልጋችሁ አነጋግሩ። ያተረፈውንም፣ ያስቆረጠውንም። ሐኪም የማትጠይቁትን ጠይቋቸው። እኔ አንዱን «ሌሊት ሽንት ቤት እንዴት ትሄዳለህ?» አልኩት። ሳቀና «ከነቃሁ በክራንች፣ እንቅልፌ ካልለቀቀኝ በቂጤ እየተንፏቀቅኩ» አለኝ።