አክተሩ አይሞትም

እሺ። ፍሪጁን ነቅያለሁ። «ያ ከኋላህ የሚያጉረመርመው ምንድን ነው?» የሚል የአድማጭ መልእክት ዳግም እንዳይመጣብኝ። ውስጡ ግን የበዓል ሥጋ አለ። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የለኝም። በረዶው ሳይለቅ እንጨርሳለን።

ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ነበር ላወራችሁ ያሰብኩት። ያ ቃል የገባሁላችሁ የአከራዬ ጉዳይ። አልረሳሁም፣ ይመጣል። ግን ከእሁድ ጀምሮ አንድ ነገር ገብቶብኝ አልወጣ አለኝ። ትንሽ ነገር ናት። እንዲያውም የፊልም ነገር ናት።

ቅዳሜ ሚኒስትሩ ቤት ነበርን። ሚኒስትሩን ታውቁታላችሁ፣ ማንም ሳይሾመው ክርክር የሚዘጋው። ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ አንድ ሰው «ምርጥ አጨራረስ ያለው ፊልም የቱ ነው? የከፋውስ?» አለ። ማን እንዳለው አላስታውስም። በረካው ተጠጣ፣ ስኒው ታጠበ፣ እኛ እዚያው ነን።

አንዷ ጤዛን ጠራች። የኃይሌ ገሪማን፣ በፈረንጆቹ 2008 የወጣውን። ያ ሁሉ መከራ ታይቶ ሲያበቃ ልጅ ይወለዳል፣ ዋናው ሰውዬ አንበርብርም ሕፃናት ማስተማር ይጀምራል። ይህን ስትናገር ሳግ ተናነቃት። ማንም አልተከራከራትም። ፊልሙ ቬኒስ ላይ ስለተሸለመ አይደለም። ፊቷን አይተን ነው ዝም ያልነው።

ሚኒስትሩ በበኩሉ የከፋው ኢንሴፕሽን ነው ብሎ ድርቅ አለ። መጨረሻ ላይ ጠረጴዛው ላይ የምትሽከረከረዋ ነገር አለች አይደል? ወደቀች ወይስ አልወደቀችም ሳንባል ፊልሙ ያልቃል። ዳይሬክተሩ ኖላን ራሱ ዋናው ቁም ነገር ሰውየው እሷን አለማየቱ ነው ብሏል። ልጆቹ ጋ ሄዷል፣ ብትወድቅ ባትወድቅ ግድ የለውም። ይህን ስነግረው ሚኒስትሩ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ከፍዬ ገብቼ መልሱን እኔው ልፈልግ?» ክርክሩ ተዘጋ አለን። አልተዘጋም።

ከዚያ የእኛ ፊልሞች ተነሡ። ወይ ሰርግ ነው፣ ወይ ቦሌ ኤርፖርት ነው። ልጅቷ ልትበር ነው፣ እሱ ትራፊኩን ሰንጥቆ ይደርሳል። እኔ ሁሌ የሚገርመኝ ያለ ትኬት እንዴት እንደሚያስገቡት ነው። እኔ አክስቴን ልሸኝ ሄጄ ሻንጣዋን በር ላይ ነው የተቀበሉኝ። እሱ አበባ ይዞ እየሮጠ እስከ መጨረሻው ይገባል። አንድም ጥበቃ «መታወቂያ» አይለውም።

ምን እያልኩ ነበር… አዎ፣ ታይታኒክ። እሱ መምጣቱ አይቀርም። ውኃው ላይ የተንሳፈፈው በር ጃክን እና ሮዝን ለሁለት ይበቃቸው ነበር ወይስ አይበቃቸውም? ጄምስ ካሜሮን እኮ ፊልሙ 25 ዓመት ሲሞላው ሰዎች ገንዳ ውስጥ ከትቶ፣ የቅዝቃዜ ባለሙያ ጠርቶ፣ ነገሩን አስሞክሯል። ለናሽናል ጂኦግራፊክ። ምናልባት ጃክ ሊተርፍ ይችል ነበር የሚያስብል ነገርም ተገኘ። እናቴ ግን ያለ ገንዳም ያለ ባለሙያም ያኔውኑ ጨርሳዋለች። «ቦታ አለ እኮ! ምን አለበት ጠጋ ብትልለት!» ብላ ሪሞቱን አስቀምጣ ወደ ጓዳ።

እናቴ…

እሺ። እዚህ ጋ ነው ነገሩ።

የህንዱን ፊልም፣ የሾሌይን ታሪክ ነግሬያችኋለሁ። ስቃችኋል፣ እኔም ስቄያለሁ፣ «የደመራው» ብላችሁ ስም ያወጣችሁለት። ቅዳሜም ነገርኳቸው። ሚኒስትሩ ከሶፋው ወረደ በሳቅ። ግን አሁን እንደገና ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ያኔ የነገርኳችሁ ልክ አይመስለኝም። ማለቴ፣ የሆነው ሁሉ ሆኗል። ግን ልክ አይደለም።

ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት የነበረበትን ጊዜ የምታስታውሱ፣ ሕጉን ታውቁታላችሁ። አክተሩ አይሞትም። የአክተሩ ጓደኛ ነው የሚሞተው። ሾሌይ ላይ ችግሩ ሁለት ናቸው፣ ጃይ እና ቪሩ። አሚታብ ባቻን እና ዳርሜንድራ። የቱ ነው አክተሩ? በዚህ የተፈነካከቱ ልጆች አውቃለሁ። እናቴ ግን ጥርጥር የላትም። አሚታብ ነው አክተሩ። አለቀ።

የማወራችሁ የመጀመሪያው ዓይኗ ሞራ የተገፈፈ ሰሞን ነው። ቀኝ ዓይኗ ተሸፍኗል። ግራው ተራውን የሚጠብቅ ነው፣ ጥላ ጥላ ብቻ ነው የሚያሳያት። የወንድም ጋሼ ሰማንያ ከወጣ ሁለት ሳምንት ቢሆነው ነው። ያ ዓመት ምን ዓመት እንደነበር ታውቃላችሁ፣ አልመለስበትም።

ከሰዓት ነው። ሶፋው ላይ ጋደም ብላለች። ሰለቸኝ አለች። ፍላሽ ውስጥ ሾሌይ ነበረኝ፣ ከፈትኩላት። ከታች ያለውን እንግሊዝኛ እያነበብኩ እተረጉምላታለሁ፣ የሚታየውንም እነግራታለሁ። ፈረሱን፣ ድንጋዩን፣ ማታ ማታ ፋኖስ የምታጠፋዋን መበለት፣ ራዳን። ፊልሙ ከ3 ሰዓት በላይ ነው። ጉሮሮዬ ደረቀ። ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ከስንት ጊዜ በኋላ ስትስቅ ሰማኋታ።

ድልድዩ ጋ ደረስን። ጃይ ቆስሏል። ጓደኛውን ጥይት አምጣ ብሎ ልኮት ብቻውን ቀርቷል። ድልድዩን አፈነዳው።

«ምን ሆነ?» አለች።

«ድልድዩ ፈነዳ።»

«ልጁስ?»

እዚህ ጋ ቆይ። ይህቺን ነው ከእሁድ ጀምሮ የምደጋግማት። «ልጁስ» ነው ያለችው። ጃይ አላለችም። አሚታብ አላለችም። አክተሩም አላለችም።

«ተረፈ» አልኩ።

እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። አላሰብኩበትም። ስክሪኑ ላይ ሰውየው ጓደኛው ክንድ ላይ እየሞተ ነው፣ እኔ ተረፈ እላለሁ። ሙዚቃው ደግሞ ያለቅሳል። ቪሩ ያለቅሳል። ዳርሜንድራ ሲያለቅስ ሰፈር ይሰማል።

«ታዲያ ማን ነው የሚያለቅሰው?»

«ጓደኛው ነው። ደስ ብሎት።»

«ደስ ብሎት?»

«አዎ። ስለተረፈለት።»

ከዚያ ሬሳው የሚቃጠልበት መጣ። ህንዶች ናቸው፣ ያቃጥላሉ። እሳቱ ይንጣጣል። «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች። «ደመራ» አልኩ። ደመራ! የህንድ ገጠር ውስጥ ደመራ ለኮስኩ። «ስለዳነ ደገሱለት» ብዬ ጨመርኩ። እዚህ ጋ ነበር የሳቃችሁት፣ አልፈርድባችሁም።

ዝም አለች። ከዚያ «እሰይ» አለች። «እሰይ። እንኳን ተረፈላት።»

ከዚያ ጠብታዬን አድርግልኝ አለች። ሰዓቱ ገና ነው ስላት ግድ የለም አለችኝ። አደረግኩላት፣ ጉንጯ ላይ ወረደ፣ በሶፍት ጠረግኩት። ወይም… አላውቅም። ይህቺን የጠብታዋን ነገር ከእሁድ ወዲህ የጨመርኳት መሰለኝ። በፊት ስነግራችሁ አልነበረችም፣ አይደል? ወደኋላ ተመልሳችሁ ስሙና ንገሩኝ። እኔ የራሴን ድምፅ መስማት አልወድም።

እሁድ አክስቴ ጋ ሄድኩ። ለቁርስ ብዬ ምሳ የምበላበት ቤት። ቅዳሜ ስለተከራከርነው አወራኋት፣ የደመራውንም ነገርኳት። እንደምትስቅ እርግጠኛ ነበርኩ። ጭልፋውን ይዛ ዞረች።

«እናትህን? ሾሌይን ነው የዋሸሃት?»

«አዎ።»

«አንተ! መርካቶ ሲኒማ ራስ ሄደን ሦስቴ አይተነዋል እኮ! እሷ እንዲያውም ሦስተኛው ላይ ከመሞቱ በፊት ተነሥታ ወጥታ፣ በር ላይ ኦቾሎኒ እየበላች ነው የጠበቀችን።»

ወጡን ማማሰል ቀጠለች። ለእሷ ወሬ ነው።

አሁን፣ አክስቴን ታውቋታላችሁ። ለእሷ የህንድ ፊልም ሁሉ አንድ ፊልም ነው። ሌላ ፊልም ይሆናል አልኩ። ላጣራ ብዬ «እጅ የሌለው ሰውዬ ያለበት?» አልኳት። «አዎ፣ ያ ጋቢ የሚደርበው» አለች። እሱ ነው። ታኩር ነው። ሽፍታው ጋባር ሁለት እጁን የቆረጠው፣ ሁልጊዜ የሚደርብ። ሌላ ፊልም አይደለም።

እና እናቴ ታውቅ ነበር። ከመጀመሪያው። ልጁ እንደሚሞት እያወቀች «ልጁስ» ብላ ጠየቀችኝ።

ወይም ረስታው ነበር። 40 ዓመት አልፎታል እኮ። እኔ ያለፈው ወር ያየሁትን አላስታውስም። ረስታው ከሆነ ምንም የለም፣ ዝም ብዬ ነው የምጨነቀው። ግን ኦቾሎኒ ይዞ በር ላይ መቆም ይረሳል?

ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስለ ፊልሙ ማንበብ ጀመርኩ። እና ምን አገኘሁ? እኛ የምናውቀው መጨረሻ ራሱ የተቀየረ ነው። መጀመሪያ የተቀረፀው ላይ ታኩር ጋባርን በጫማው ሚስማር ይገድለዋል። ፊልሙ በፈረንጆቹ 1975 ሊወጣ ሲል ህንድ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ላይ ነበረች። ሳንሱሩ አይሆንም አለ። የቀድሞ ፖሊስ ሕግን በእጁ፣ ማለቴ በእግሩ፣ እንዴት ይወስዳል? ስለዚህ ፖሊስ በመጨረሻዋ ደቂቃ እንዲደርስ ተደርጎ እንደገና ተቀረፀ። ፖሊስ ልክ በሰዓቱ ሲደርስ መጠርጠር ነበረብኝ።

ሌላም አለ። ፊልሙ በወጣ ሰሞን ገበያው ቀዘቀዘ። ሠሪዎቹ ተሰብስበው ጃይ እንዲተርፍ አድርገን እንደገና እንቅረፀው ወይ ብለው ተማከሩ። ገባችሁ? ሊያድኑት ነበር። ከዚያ ቆይ እስከ ሰኞ እንየው ተባባሉ። ሰኞ ሰው መጣ። ቦምቤይ ውስጥ ሚኔርቫ የሚባለው ሲኒማ ቤት 5 ዓመት ታየ። ጃይም ሞቶ ቀረ።

ይህን ሳነብ ደስ አለኝ መሰለኝ። እኔ ብቻ አይደለሁም አልኩ። ሳንሱሩ ቀይሯል፣ እነሱም ሊቀይሩ ነበር፣ እኔም ሶፋ ላይ ቀየርኩ። ከዚያ ደግሞ ምን አገናኘው አልኩ። እነሱ ለትኬት ነው፣ ሳንሱሩ ለመንግሥት ነው። እኔ ለ… ለእሷ ነው እላለሁ። ግን ለእሷ ነበር? ወይስ ያን ቀን ሌላ ለቅሶ መስማት ያቃተው እኔ ነኝ? እሷ ሰማንያ ቀን አልቅሳለች፣ አዲስ አይሆንባትም ነበር። እኔ ነኝ ድንኳኑ ውስጥ ወንበር ሳመላልስ፣ ውኃ ሳድል የነበርኩት። ሰው ሲያይ «ጎበዝ፣ ጠንካራ» የሚለኝ።

ይቅር፣ ወደዚያ አልሄድም።

ግን «ተረፈላት» ያለችው። ያኔ ለራዳ ነው ብዬ ነው የሰማሁት። መበለቷን ይወዳት ነበር፣ እሷም መውደድ ጀምራ ነበር፣ እንኳን ተረፈላት። ትክክል ነው። ሰዋስዉም ትክክል ነው። ጃይ ፊልሙ ውስጥ እናት የለውም። ስለዚህ ለራዳ ነው።

ለራዳ መሆን አለበት።

ትላንት ደወልኩላት። ልጠይቃት። ቆርጬ ነበር። ስለ ጤፍ አወራን። ስለ ውኃ አወራን፣ ሦስት ቀን ጠፍታባቸው ሌሊት መጥታ ሁሉም ተነሥቶ ሲቀዳ እንዳደረ። ግራ ዓይኗ ተራው ደርሷል፣ መጪው ሐሙስ ነው። ቀኙ አሁን እንደ ንስር ነው፣ ሽሮ ውስጥ ፀጉር ታያለች። ልዘጋ ስል «ስትመጣ ፊልም ምናምን ያዝ፣ መተኛት ይሰለቸኛል» አለችኝ።

«የቱን?»

«እኔ ምን አውቄ። አንተ የምትለውን።»

አንተ የምትለውን። ማለት የምትመርጠውን ነው፣ መቼም። እንዲህ ነው ሰው የሚያወራው። ሦስት ቀን ቃል ስሰነጥቅ ከርሜ ሁሉም ነገር ሌላ ሆኖ ይሰማኛል።

ፍላሹ እዚህ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሾሌይ አሁንም አለ። ሌላም ልጭንበት እችላለሁ፣ የሚያስቅ ነገር። ሚኒስትሩን ባማክረው «ጠይቃትና ተገላገል» ነው የሚለኝ፣ አውቀዋለሁ። እሱ መልስ ይወዳል። ግን ብጠይቃትስ? «አውቅ ነበር» ብትለኝ ከዚያ ምን እላለሁ? «አላውቅም ነበር» ብትለኝ ደግሞ እሷ…

ቆይ። ውኃ ነው። ከፍሪጁ ስር ውኃ እየመጣ ነው። ሥጋው… ኧረ በእግዜር፣ ሶኬቱን የት ነው ያስቀመጥኩት…