እርሳሳቸውን አነሱ

እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም።

የማክሰኞው ስብሰባ አልለቀቀኝም። ለበጎ ሥራ ድርጅቶች ገንዘብ የሚሰጥ ኮሚቴ ውስጥ አለሁ። አንዲት ሴት ፕሮፖዛላቸውን ይዘው ገቡ። ሥራቸው ወንዝ ነው። ቆሻሻ መልቀም አይደለም የሚፈልጉት፤ ፋብሪካዎች ፍሳሻቸውን ወንዝ ውስጥ እንዲለቁ የሚፈቅደውን ደንብ ማስለወጥ ነው። ጥሩ አድርገው አስረዱን። ከዚያ እኔ ጠየቅኳቸው። እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው አይደለም። «በአንድ ዓመት ውስጥ በቁጥር ምን ያሳዩናል?»

ዝም አሉ። ብዙም አልቆዩ። ወረቀታቸውን ገለጥ ገለጥ አድርገው ሦስተኛው ገጽ ላይ ቆሙ። እርሳሳቸውን አነሱ። «ደንቡን ማስለወጥ» የሚለውን ሰረዙት። ከጎኑ «40 ስልጠና» ብለው ጻፉ። ቀና አሉና «ይህን ማሳየት እንችላለን» አሉ። እኛም ደስ አለን። ገንዘቡ በአሥር ደቂቃ ጸደቀ።

እርሳሱ ጫፉ ላይ ላጲስ ነበረው። አላጠፉትም እኮ። የተሰረዘው ይነበባል። እንድናነበው ፈልገው ይሆን?

እ.ኤ.አ. በ1930 ጋርላንድ ፈንድ የሚባል የአሜሪካ ፋውንዴሽን ኤንኤኤሲፒ የተባለው የጥቁር አሜሪካውያን መብት ተሟጋች ማኅበር የዘር መድልዎን በፍርድ ቤት እንዲታገል ገንዘብ ሊሰጥ ተስማማ። ቃል የገባው 100,000 ዶላር ነበር። የኢኮኖሚ ቀውሱ መጣና የተከፈለው ከዚያ በጣም አነሰ። ጠበቆቹ ግን መዝገብ በመዝገብ ገፉበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን በትምህርት ቤት መለየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ የወሰነው በ1954 ነው። 24 ዓመት! እኔ በ1931 ሄጄ «በቁጥር አሳዩኝ» ብላቸው ምን ይሉኝ ነበር? ስንት ስልጠና ይጽፉልኝ ነበር?

ይሄ ያናድደኛል። ሥር የሰደደ ችግር ይነቀል እንላለን፤ ገንዘቡን የምንሰጠው ግን ለቅጠሉ ነው፣ ያውም ለአንድ ዓመት። ለቢሮ ኪራይና ለሠራተኛ ደሞዝ ሲሆን ደግሞ እጃችን ያጥራል። ደንብ የሚያስለውጠው እኮ ሰው ነው። በየሳምንቱ ባለሥልጣን ደጅ የሚጠና፣ ረቂቅ የሚያነብ፣ የማይሰለች ሰው። እሱ ደግሞ ደሞዝ ይፈልጋል።

አሜሪካዊቷ ቢሊየነር ማኬንዚ ስኮት እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ሰጥታለች። አብዛኛው «እዚህ ላይ ብቻ ይዋል» የሚል ገደብ የለበትም። ስሰማው ልቤ ይሞቃል። ግን ደግሞ... ምንም ሳንጠይቅ መስጠትም አይሆንም። ገንዘቡ የኛ አይደለም፤ የት ደረሰ ማለት አለብን። ታዲያ ምን ብለን እንጠይቅ? «ደንቡ ተለወጠ ወይ» ሳይሆን «ዘንድሮ ማን በሩን ከፈተላችሁ፣ ማን ዘጋባችሁ» ብንልስ? እሱም ቢሆን ሪፖርት ላይ ሲገባ ተመልሶ ቁጥር ይሆናል መሰለኝ። እንጃ።

ትናንት ልደውልላቸው ስልኬን አነሳሁ። ምን እላለሁ? ውሉ ተፈርሟል። ይቅርታ ብላቸው «ችግር የለም ልጄ» ይሉኛል፤ እሱ ነው የከበደኝ። ስልጠናውን ጀምረዋል አሉ። የመጀመሪያው ዛሬ ጠዋት ነበር። ፕሮፖዛሉ እዚህ ፊቴ ነው፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ ከፍቼዋለሁ...